የተቀበረው መክሊት
ዐቃቤ ንዋይ፣ ዐቃቤ ሰዓትና ባለ እጁ

በአማርኛችን ‹‹አደራ›› ከሚለው የከበደ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። ኑዛዜ በአደራ ይታሰራል፤ መንገደኛ ልጁን ለጎረቤት በአደራ ሰጥቶ ይሄዳል። ‹‹አደራ በላ›› መባልም ሌባ ከመባል የከፋ ነው። ሌባ የወሰደው ገንዘብ ብቻ ነው፤ አደራ በላ ግን ከገንዘቡ ጋር የሰውን እምነት በልቷል። ክርስትና ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጊዜና ስለ ችሎታ የሚያስተምረው ትምህርትም በመሠረቱ በዚሁ ቃል ይጠቃለላል። ሰው ባለ ንብረት አይደለም፤ ባለ አደራ ነው። በእጁ ያለው ብር፣ የተቆጠረለት ዕድሜና የተሰጠው ሙያ የሌላ ናቸውና አንድ ቀን ሒሳብ ይጠየቅባቸዋል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ሰው ‹‹መጋቢ›› ይለዋል። በገዳማት መጋቢ ማለት የማኅበሩን ቀለብና ንብረት የሚያስተዳድረው መነኩሴ ነው፤ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ምእመናንን የሚጠብቀው አገልጋይ በዚሁ ስም ይጠራል።

ትምህርቱ ይበልጥ የሚታወቀው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ባለው የመክሊት ምሳሌ ነው። አንድ ጌታ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ለአንዱ አገልጋይ 5፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 1 መክሊት ሰጥቶ ሄደ። ሁለቱ ነግደው እጥፍ አደረጉት፤ ሦስተኛው ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ዛሬ ‹‹መክሊት›› ስንል ተሰጥዎ ማለታችን ነው። በጥንቱ ትርጉሙ ግን መክሊት የብር ሚዛን ነበር። አንዱ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ያወጣ ነበር፤ አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። እንግዲህ አንድ ብቻ የደረሰው ያ አገልጋይ በእጁ የያዘው ከ16 ዓመት በላይ የሚሆን ደመወዝ ነበር ማለት ነው።

ለእኛ ባህል እንግዳ የሚሆነው የዚህ ሰው ፍርድ ነው። አልሰረቀም፤ አላባከነም፤ አልጠጣበትም። ጌታው በመጣ ጊዜ የተቀበለውን ሳያጎድል አስረክቧል። በእኛ ሚዛን ይህ ሰው ምስጉን ባለ አደራ ነው። ወንጌሉ ግን ‹‹ሰነፍ›› ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። አደራን እንዳለ መመለስ ብቻ አይበቃም፤ ማብዛትም ግዴታ ነው ማለቱ ነው።

ታዲያ በዚህ ሚዛን የራሳችን ታሪክ ቢመዘን ምን ይገኝበታል? ክርስትናን ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የያዘ አገር ገንዘቡን፣ ጊዜውንና ችሎታውን እንዴት ያዘ? የቱን አበዛ? የቱን ጠበቀ? የቱንስ ቀበረ?

ንዋይ

ንዋይን በተመለከተ አባቶቻችን ቸልተኞች አልነበሩም። ለዚህ ‹‹ዐቃቤ ንዋይ›› የሚባል ሹም አቁመዋል፤ የንብረት ጠባቂ ማለት ነው። ነገሥታት ለአድባራትና ለገዳማት ጉልት ሲሰጡ ስጦታው የሚጻፈው በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ነበር። ዛሬ በኤርትራ ምድር በሚገኘው በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የተጠበቀው ‹‹ወንጌለ ወርቅ›› ንጉሥ ላሊበላ የሰጠውን ጉልት ሳይቀር መዝግቦ ይዟል። ከስጦታው ቀጥሎ የሹማምንቱና የምስክሮቹ ስም ይዘረዘራል፤ በመጨረሻም ይህን የሻረ፣ የቀማና የፋቀ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ፣ በሐዋርያትም ቃል የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይታተምበታል። ፖሊስና መዝገብ ቤት ባልነበረበት ዘመን ይህ ብልህ ዘዴ ነበር። ውሉን ለማጥፋት የሚፈልግ ሰው ወንጌሉን መቅደድ ይኖርበታልና። በጎንደር ዘመን ደግሞ የመሬት ሽያጩ፣ ውርሱና ክርክሩ ሁሉ በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ እየተጻፈ ስለቀረ፣ የዘመናችን የታሪክ ሊቃውንት የዚያን ዘመን ኑሮ የሚያነቡት ከነዚሁ ገጾች ነው።

ይሁንና ሒሳቡ ሌላም ገጽ ነበረው። ‹‹ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ›› የሚለው አባባል አገሩን ሁሉ በገመድ ለክቶ የተነገረ አይደለም፤ ድርሻው ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። ነገር ግን አባባሉ የሚጠቁመው ነገር እውነት ነው። ጉልት ማለት ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ዐቃቤ ንዋዩ የሚጠብቀው ንዋይ ከገበሬው ጎተራ የሚመጣ ነበር። ቀዳሹ ሳያርስ የሚቀድሰው አራሹ ሳይቀድስ ስለሚያርስለት ነው። ‹‹አሥራት›› የሚለው ቃል ራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ወጥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለወታደር ቀለብ የሚሰበሰብ የመንግሥት ግብር ስም ሆነ፤ ግብሩ የተሻረው በ1960 ዓ.ም. ነው።

ይህ ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአንድ አዋጅ አበቃ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትም ተወረሰ። ለብዙ መቶ ዓመታት በግዝት የታጠረ ንብረት በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጅ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከዚህ በኋላ የቆመችው በምእመናኑ ኪስ ነው። መሠረቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ተጥሎ ነበር። በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ጊዜ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ‹‹ቃለ ዓዋዲ›› ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች አብረው የሚቀመጡበትን ሰበካ ጉባኤ አቋቁሟል። እያንዳንዱ አባል በየጊዜው መዋጮ ይከፍላል፤ ጉባኤውም ገቢና ወጪውን ይቆጣጠራል። ከባሕር ማዶ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የተተከሉት አጥቢያዎች ደግሞ ጉልትን በስም እንጂ በግብር አያውቁትም። ሕንፃው የሚገዛው፣ ካህኑ የሚኖረው ሠርቶ አዳሪው ከደመወዙ ቆርሶ በሚሰጠው ነው። ጉልቱ ከጠፋ በኋላ የገንዘቡ አደራ ከጥቂት ሹማምንት ወርዶ በተራው ምእመን ትከሻ ላይ ዐረፈ።

ሰዓት

ስለ ጊዜ ስናነሣ ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ ማዕርግ እናገኛለን። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት ‹‹ዐቃቤ ሰዓት›› ይባል ነበር። ሰዓትን የሚጠብቅ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን ዐቃቤ ሰዓቱ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ሹማምንት አንዱ ነበር።

ስለ ጊዜ የተደረገው ክርክርም የዋዛ አልነበረም። በ14ኛው መቶ ዓመት አባ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርቱ ከእሑድ ጋር ቀዳሚት ሰንበትም ትከበር በማለታቸው ተሰደዱ፤ እርሱም በ1352 እ.ኤ.አ. በአርመን አገር ዐረፈ። ተከታዮቹ ግን አቋማቸውን ሳይለቁ ከመቶ ዓመት ያላነሰ ከቆዩ በኋላ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ በሰበሰበው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ይኸው ንጉሥ 33ቱን የእመቤታችንን በዓላት አስደነገገ። ከዚህ ላይ የወሩ ቀናት ይጨመራሉ። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እያለ ይቀጥላል። ገበሬው የቀን መቁጠሪያ ሳይሰቅል ወሩን በቅዱሳን ስም ይቆጥረዋል።

ይህን የበዓል ብዛት የስንፍና ምክንያት አድርገው የነቀፉ ብዙዎች ናቸው። ነቀፌታው ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም፤ ዝናብ ሲያባራ አረም የሚነቀልበት ቀን በበዓል ቢያልፍ የሚጎዳው ገበሬው ነው። ነገር ግን በዓሉ ሌላ ሥራም ነበረው። ጌታ አገልጋዩን ሌት ተቀን ማሠራት በሚችልበት አገር፣ ሰንበት ለአገልጋዩም ለበሬውም ቀንበር የምታወርድ ብቸኛዋ ሕግ ነበረች። በበዓሉ ቀን የሚጠጣው የማኅበር ጽዋም እንዲሁ ተራ ድግስ አይደለም። ‹‹ሙሴ›› የሚባል አለቃ አለው፤ ተራ አለው፤ ጽዋውን ዛሬ የተቀበለ ሰው በሚመጣው ወር ሊደግስ ቃል ገብቷል። የተቸገረ አባል ይጠየቅበታል፤ የተጣላ ይታረቅበታል። ጊዜን ለፈጣሪ መስጠት በተግባር ጊዜን ለጎረቤት መስጠት ሆኖ ቆየ ማለት ነው።

ቃልና ዜማ

ሦስተኛው አደራ ችሎታ ነው። እዚህ ላይ ታሪካችን ለሁለት ይከፈላል።

የቃልና የዜማ ችሎታ እጅግ ከብሯል፤ እጅግም በዝቷል። ዜማው ከቅዱስ ያሬድ ይጀምራል፤ ድጓው በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ በዙር አባ፣ ቅኔው በጎጃም አድባራት፣ አቋቋሙ በጎንደር እየተስፋፋ እስከ ዛሬ ደርሷል። አሠራሩን ልብ እንበል። የኔታ ከተማሪው ገንዘብ አይጠይቅም። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ በየደጁ ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› ብሎ ለምኖ ይማራል። የመንደሩ ሰው ደግሞ ልጁ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ከእንጀራው ቆርሶ ይሰጠዋል። ተማሪው አንድ ቀን ሲመረቅ ያለበት ዕዳ አንድ ነው፤ እርሱም በተራው ሳይነፍግ ማስተማር። የገበሬ ልጅ ሊቅ ይሆናል፤ የጎጃሙ ጎንደር ወርዶ፣ የትግራዩ ጎጃም ተሻግሮ ይማራል። ወንጌሉ ‹‹አምስት አተረፈ›› የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። በችሎታ መጋቢነት ረገድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በሌላውም ዓለም በቀላሉ አይገኝም።

እጅ

የእጅ ሙያ ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። ለንዋይ ዐቃቤ፣ ለሰዓት ዐቃቤ ያቆመ አገር ለእጁ ጥበብ ጠባቂ ማቆም አልሆነለትም። ‹‹ሊቀ ጠበብት›› የሚል የክብር ማዕርግ አለን፤ የሚሾምበት ግን የቤተ ክህነት ሊቅ እንጂ ቀጥቃጭ አይደለም።

ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርብናል። ‹‹ጠቢብ›› ማለት አዋቂ፣ አስተዋይ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የወጣው ‹‹ጠይብ›› ግን ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ማዋረጃ ስድብ ሆነ። ዝቅ ሲልም ‹‹ቡዳ›› የሚል ይከተላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ሰው ይበላል ተባለ። ቆዳ የሚያለፋው ‹‹ፋቂ›› ተብሎ ተናቀ። በብዙ ቦታ እነዚህ ሰዎች ርስት አልነበራቸውም፤ ጨዋ የሚባለው ወገን ልጁን አይድርላቸውም፤ አብሯቸው ለማዕድ አይቀርብም።

የቤተ እስራኤል ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ያብራራዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይውረስ ብሎ እንዳወጀ ይነገራል። መሬት ያጣ ሰው የሚበላው ከእጁ ሥራ ነውና ወንዶቹ ወደ ብረቱ፣ ወደ ሽመናውና ወደ ግንባታው፣ ሴቶቹ ወደ ሸክላው አዘነበሉ። ለእርሻው ማረሻና ማጭድ፣ ለማድ ቤቱ ምጣድና ድስት ከነሱ እጅ ይወጣ ነበር። የጎንደርን ግንቦች በመሥራትም እጃቸው እንደነበረበት ይተረካል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ያተረፉት ቡዳ የሚለውን ስም ነው። አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄደዋል። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው በወለቃ መንገደኛ ቆሞ የሚገዛው ሸክላ የነሱ መታሰቢያ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው የራሷ የቤተ ክርስቲያኒቱ ነገር ነው። ወደ ቅዳሴ የሚሄድ ምእመን የለበሰው ነጠላ የሸማኔ እጅ ሥራ ነው። ካህኑ የሚያጥንበት ጽና፣ የሚባርክበት መስቀል፣ ደብተራው የሚያንሿሿው ጸናጽል የቀጥቃጭና የአንጥረኛ ሥራ ነው። ከበሮው በፋቂ የለፋ ቆዳ ለብሷል። ወንጌሉ የተጻፈበት ብራናም ያው ተፍቆ የተዘጋጀ ቆዳ ነው። እንግዲህ ከነጠላው እስከ ወንጌሉ የተናቀ እጅ ያልነካው ነገር ከመቅደሱ ቢወጣ ምን ይቀራል? ዕቃው ሲቀደስ ሠሪው ከደጅ ቀረ።

የላሊበላን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንመልከት። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ፣ ዓለም የሚደነቅባቸው ሥራዎች ናቸው። ገድሉ መላእክት አብረው እንደሠሩ ይተርካል። ለምእመኑ ይህ የቦታው ቅድስና ምስክር ነው፤ በእምነቱ ማንም ሊከራከረው አይገባም። ነገር ግን የንጉሡን ስም በትክክል ያቆየ አገር የአንዱን ጠራቢ ስም አላቆየም። ዓለቱን ከላይ ወደ ታች እየፈለፈለ፣ አንድ ጊዜ ቢስት መመለሻ የሌለውን መሮ እየመታ ያለፈው ሰው ስም የለውም።

ንቀቱ ያስከተለው ጉዳት የስሜት ብቻ አይደለም። የኔታ ለማንም ሳይነፍግ ሲያስተምር ቀጥቃጩ ግን ሙያውን የሚያወርሰው ለልጁ ብቻ ሆነ። ሌላው ሰው ለመማር ይጠየፋል፤ እርሱም ከወገኑ ውጭ ጋብቻ የለውም። በአንድ ወገን ውስጥ የተዘጋ ሙያ ይጠበቃል እንጂ አይበዛም። በልጅ ልጅ ዘመንም ማረሻው ያው ማረሻ ነው፤ ወናፉም ያው ወናፍ ነው። የመክሊቱ ጉድጓድ ማለት ይህ ነው። አገልጋዩ መክሊቱን አልሰረቀም፤ እንደነበረ ጠብቆ ቀበረው እንጂ።

ከጋፋት እስከ አዋጁ

ጉድጓዱን ለመክፈት የሞከሩ አልጠፉም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያቆሙት የሥራ መንደር አንዱ ነው። በስዊዘርላንድ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡት ሚስዮናውያን በተለይ የተመረጡት ሃይማኖትንና የእጅ ሙያን አጣምረው የያዙ ስለነበሩ ነው። ወንጌልን በሙያቸው ሊመሰክሩ መጡ፤ ንጉሡ ግን ከመጽሐፋቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉ። ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ከነሱ ጋር ተመደቡ፤ መንገድ ተሠራ፤ በመጨረሻም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ‹‹ሴባስቶፖል›› በ1867 እ.ኤ.አ. ቀለጠ። ወደ መቅደላ ሲጎተት ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ዘውድ የጫነ ሰው በእጁ ሲሠራ መታየቱ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ ግን ጋፋትም አብራ ሞተች። ከባለሙያዎቹ አንዱ የነበረው ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ተሻግሮ በ1873 እ.ኤ.አ. በብሩማና ትምህርት ቤት አቆመ። የእርሱ መክሊት በሌላ አገር በዛ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት አዋጅ ደግሞ በቀጥታ ስድቡን የሚመለከት ነበር። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሌላውንም ባለሙያ በሥራው የሚሳደብ ሁሉ ሰው ዘሩ አንድ፣ አባቱ አዳም፣ እናቱ ሔዋን መሆኗን እንዲያስብ አሳሰቡ፤ ባለሙያን መስደብ አገርን ባዶ ማስቀረት መሆኑን ተናገሩ፤ የማይሰማም እንደሚቀጣ አስታወቁ። ንጉሡ የተናገሩት በንግድና በጥቅም ቋንቋ ብቻ ሳይሆን በኦሪት ዘፍጥረት ነው። ሕዝቡ ስድቡን የሚያቆመው በሃይማኖቱ ከተነገረው መሆኑን ያወቁ ይመስላል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የአገር ሀብት ምንጩ ሥራና ዕውቀት መሆኑን አስረድተው ጻፉ። በ1930ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ‹‹ተግባረ እድ›› የሚል የግእዝ ስም ወጣለት፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው። የእጅን ሥራ በቤተ ክህነት ቋንቋ መሰየም ራሱ የክብር መመለስ ነበር።

ሒሳቡ

የሦስቱ አደራዎች ሒሳብ እንግዲህ ይህን ይመስላል። ንዋይን በወንጌል ገጽ ጽፈን፣ በግዝት አጥረን ጠበቅን፤ ከእጃችን ሲወጣም በመዋጮ ተካነው። ጊዜን በበዓላት ለክተን ለፈጣሪና ለጎረቤት አካፈልን። የቃልን ችሎታ ከማንም ሳንነፍግ አበዛን። የእጅን ችሎታ ግን በስድብ ቀበርነው። ያለንን የማካፈል ልምድ ሳይጠፋን፣ የየኔታን ሥርዓት ለቀጥቃጩ ደጃፍ ነፈግነው።

ስድቡ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። አባት ልጁ ቢሮ ሲገባ ይደግሳል፤ ወናፍ ሲይዝ ያፍራል። ባለጸጋው ምእመን ለቤተ ክርስቲያን ጉልላት ማሠሪያ ብዙ ሺሕ ብር ይሰጣል፤ ጉልላቱን ለሚበይደው ሠራተኛ ግን ከዋጋው ላይ ይከራከራል። አሥራቱን አውጥቷልና ሕሊናው አይወቅሰውም። ሰበካ ጉባኤውም የገንዘብ መዋጮውን በደረሰኝ ይቀበላል፤ በአጥቢያው ስንት አናጺ፣ ስንት ሸማኔ፣ ስንት ልብስ ሰፊ፣ ሙያውን ሊያስተምር የሚችል ስንት አረጋዊ እንዳለ የሚመዘግብበት ደብተር መክፈት ግን ብዙ ጊዜ አይታሰበውም። የቆሎ ተማሪውን ደበሎ ለብሶ ሲለምን ያጎረሰ ሰፈር ሙያ ለሚለምድ ልጅ ምሳ መቻል የሚያቅተው አይደለም።

ይህን ለማድረግ አዲስ ነገረ መለኮት መፍጠር አያስፈልግም። ወንጌሉ አናጺ ከሚባል ቤት ያደገ ጌታ ይተርካል፤ ቅዱስ ጳውሎስም በድንኳን ሰፊነቱ እየሠራ ይበላ ነበር። ሽሮ ሜዳ ላይ ተቀምጦ መወርወሪያውን የሚወረውረው ሸማኔ ለፋሲካ የሚለበሰውን ነጠላ ጥለት እየጣለ ነው። ለብሰነው ከመቅደሱ ስንቆም ከጸሎታችን መካከል አንዱን ለዚያ እጅ እናድርገው፤ ስንመለስም ዋጋውን ሳንከራከር እንክፈል፤ ልጁም ከልጃችን ጋር እንዲጋባ እንፍቀድ። የተቀበረውን መክሊት ቆፍሮ ለማውጣት ከዚህ የቀረበ ቦታ የለም።